«ደገኛ ከባሕር ምን አለው?»

ኮሶዬ ላይ «ባሕር» የሚል ስም የተሸከመ ነገር ፈልጉ ቢባል የሚገኘው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አፋፉን ይዞ ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው ገደልና ቆላ እንጂ ውቅያኖስ አይደለም። በክረምት ጠዋት ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ የአምባዎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ሲል ባሕር የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ፀሐይ ሲበረታ ተንኖ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ግን አይሄድም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ስሙንም ከመጣበት መንገድ ወሰደ፤ ይኸው ዛሬ የደገኛው ማገርና ወራጅ፣ ማገዶና የክፉ ቀን ገንዘብ ሆኗል። «አንተ የባሕር ማዶ ተወላጅ፣ ደጋ ላይ ምን አለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

የደጋ ልጅ «ባሕር ላይ ልሠራ ነው» ሲል ግን ይሳቅበታል።

ሲሳቅ አይቻለሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሰንበቴ ላይ ነበር። ከኮሶዬ ገበሬ ቤት ወጥቶ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀ፣ ከተመረቀም በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ወጣት ነው። ታላላቆቹ «አሁንስ ምን አሰብህ?» ቢሉት እውነቱን ተናገረ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ቱና የሚያጠምዱ ትልልቅ መርከቦች እንዳሉ፣ ጣሪያቸው ላይ ሄሊኮፕተር እንደሚጭኑ፣ አብራሪዎቹም ከየአገሩ እንደሚቀጠሩ አንብቧል፤ መንገዱ ቢገኝ ያንን ሥራ ይመኛል። አንድ አባት «ልጄ፣ መጀመሪያ ዋና ልመድ» አሉት። ሌላው የጠላ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ለዓሣ ሄሊኮፕተር? ምነው፣ ዓሣው ጫካ ገባ እንዴ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ። ሦስተኛው ተናጋሪ ግን አልሳቁም። የተማሩ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከባሕር ምን አለው? መጀመሪያ ባሕራችን ይመለስ፤ ሥራው ከዚያ ወዲያ ይመጣል» አሉና ጉዳዩን ዘጉት። ሰዉም «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ጽሑፍ ከቀልደኞቹ ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ከሦስተኛው ሰው ጋር ነው፤ ይልቁንም እሳቸው ካንጸባረቁትና በየቡና ቤቱ፣ በየመድረኩ ከሚሰማው አስተሳሰብ ጋር። ባሕር ርስት ነው፣ ሥራውም የባለርስቱ ነው የሚለው አስተሳሰብ ዳርቻን ማግኘትና ሥራን ማግኘት አንድ ነገር አድርጎ ያሳየናል። ይህን ስል ደግሞ ወጣቱ የተመኘው ሥራ ገነት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሥራው ክፋት ለክርክሬ ከሥራው ውበት ይልቅ ይጠቅመኛል። ስለዚህ አስቀድመን ሥራውን እንየው።

የታሸገ ቱና በአዲስ አበባ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ያላየ ከተሜ የለም። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለባለቤቶቹ ልተወው።) ቆርቆሮው ላይ ብዙ ጊዜ «ታይላንድ» የሚል ይነበባል፤ ይህ ግን ዓሣው የታሸገበት አገር ነው እንጂ የተጠመደበት ባሕር አይደለም። ከዓለም ቱና ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከምዕራብና ከመካከለኛው ፓስፊክ ነው። በአማርኛችን «ሰላማዊ ውቅያኖስ» የምንለው ነው፤ ስሙን ያወጣለት መርከበኛ በደኅና ቀን ያየው ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ከሚሠሩት መርከቦች ትልልቆቹ ከ60 ሜትር በላይ ርዝመት አላቸው። ዓሣው በመንጋ ይሄዳል። መንጋው ሲገኝ አንዲት ጠንካራ ጀልባ የመረቡን ጫፍ ይዛ ከመርከቡ ኋላ ትወርዳለች፤ መርከቡ መንጋውን እየዞረ መረቡን ይዘረጋል። የመረቡ ርዝመት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ታች ከ200 ሜትር ያልፋል። ክቡ ሲገጥም የታችኛው ገመድ እንደ ከረጢት አፍ ይሸመቀቃል። ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም።

ጭንቁ መንጋውን ማግኘቱ ላይ ነው። ከመርከብ ማማ ላይ በትልቅ መነጽር የሚያይ ሰው አድማሱ ይገድበዋል። ሄሊኮፕተሯ የምትጫነው ለዚህ ነው። ባለ አንድ ሞተር፣ ከሁለት እስከ አምስት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና ናት፤ ከሥሯ ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ የሚያስችሏት አየር የተሞሉ ረዣዥም ቱቦዎች አሏት። ማረፊያዋ ከመርከቡ መሪ ክፍል በላይ የተሠራች ጠባብ መደብ ናት። ጎሕ ሲቀድ አብራሪውና ዓሣ ጠቋሚው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነሣሉ። የሚፈልጉት ዓሣውን ራሱን አይደለም፤ ምልክቱን ነው፤ ውኃው ላይ እየወረዱ የሚነሡ ወፎችን፣ እንደ ድስት የሚንተከተክ ባሕርን፣ ቱና ከሥሩ መሰብሰብ የሚወደውን ተንሳፋፊ ግንድ። የኮሶዬ እረኛ ጥንብ አንሣ ሲያንዣብብ አይቶ የሞተች በግ የት ገደል እንደወደቀች እንደሚያውቀው ያለ ጥበብ ነው። ግንድ ከተገኘ ምልክት ሰጪ መሣሪያ ይታሰርበታል። መረቡ ሲዘረጋም አንዳንዴ ሄሊኮፕተሯ ከላይ እየዞረች መንጋው ወዴት እንደዞረ ለካፒቴኑ ትነግራለች።

በዚህ ላይ የደጋ ሰው የሚያንስበት ምን አለ? ሄሊኮፕተርን የሚያነሣው አየር ነው፤ የደጋ አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣል። ባሕር ጠለል ላይ አራት ሰው ይዛ በቀላሉ የምትነሣ መኪና በሰሜን ተራሮች አናት ላይ ሁለት ሰው ልትከብዳት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮጵያንና አሜሪካን ያጣመረው የካርታ ሥራ ተልእኮ በሄሊኮፕተር የተራራዎቻችንን አናት ሲለካ፣ በ1985ም የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ለረኀብተኞች እህል ለማድረስ ሲሠሩ የታገሉት ከዚሁ አየር ጋር ነበር። ስለዚህ በደጋ አየር የተፈተነ አብራሪ ባሕር ላይ ሲወርድ ሸክም ይቀልለታል። የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ደጋ ላይ ተራራው ይመራል፤ አምባውን አይቶ የመጣበትን ያውቃል። ውቅያኖስ ላይ ግን አራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ነው፤ ትቶት የሄደው ማረፊያም እዚያው አይጠብቀውም፤ መርከቡ ይጓዛል። ሲመለስ መደቡ በማዕበል ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተናወጠ ነው። የመወጣጫውን ልክ አስልቶ በዚያች ቅጽበት ማረፍ አለበት። ሞተሩ ቢጠፋ ከሥሩ ያለው ውኃ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? ለበረራ ሰዓት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ የሄሊኮፕተር ሙያ ፈቃድ በ150 ሰዓት በረራ ይገኛል። ቀጣሪዎች ግን በአብዛኛው የሚጠይቁት 1,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። መካከሉን በምን ይሙላው? ያለ ልምድ ሥራ የለም፤ ያለ ሥራ ልምድ የለም። ይህን እንቆቅልሽ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «5 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ያነበበ ምሩቅ ሁሉ ያውቀዋል። የቱና መርከብ ይህን ክፍተት ከሚሞሉ በሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ወጣቱ አብራሪ ገንዘቡ ቢያንስም፣ ቦታው ቢርቅም ይቀበላል፤ ለወራት መሬት ሳይረግጥ ይኖራል፤ ሲወርድም እንደ ማጁሮ ባሉ የዓሣ ማራገፊያ ወደቦች ጥቂት ቀን ቆይቶ ይመለሳል። ቸግሮት መምጣቱን ደግሞ ቀጣሪው ያውቃል። ክፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በአቪዬሽን ሕግ አንድ የማይነካ ሥልጣን አለ። «አልበርም» የሚለው ቃል የአብራሪው ነው። ነፋሱን አይቶ፣ ሞተሩን ሰምቶ፣ ነዳጁን ለክቶ ዛሬ አይሆንም ካለ ሚኒስትርም ቢሆን አያስገድደውም። በባሕር ሕግም እንዲሁ ያለ የማይነካ ሥልጣን አለ፤ መርከብ ላይ የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። እነዚህ ሁለት ሕጎች በዚያች ጠባብ መደብ ላይ ይጋጫሉ። ካፒቴኑ ዓሣ ይፈልጋል፤ ለዓሣው የሚጠይቁት ባለቤቶች አሉበት፤ የመርከበኛው ሁሉ ድርሻ ከጭነቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። አብራሪው ማዕበሉን አይቶ «አልበርም» ይላል። በሕግ ትክክል ነው። ማታ ግን ምግብ የሚበላው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው፤ የሚተኛበት ክፍል የካፒቴኑ ነው፤ ወደ ቤቱ የሚደውልበት የሳተላይት ስልክ የካፒቴኑ ነው፤ ወደብ የሚደርሰውም ካፒቴኑ ወደብ ሲደርስ ነው። ደጋ ላይ እምቢ ያለ ሠራተኛ ደመወዙን ቢያጣ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከምድር ወገብ በታች በውቅያኖስ መካከል እምቢ ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን «እምቢ» እያለ የሚቆይ ስንቱ ነው?

አደጋ ቢደርስስ ማን ይጠየቃል? መርከቡ የአንድ አገር ባንዲራ ያውለበልባል፤ ባለቤቱ በሌላ አገር ነው። ሄሊኮፕተሯ በሦስተኛ አገር ተመዝግባ ሊሆን ይችላል፤ ለመርከቡ የምታከራያት ኩባንያ አራተኛ አገር ይገኛል። አብራሪው ከአምስተኛው አገር የመጣ ነው፤ ውኃው ደግሞ የስድስተኛው ነው፣ ወይም የማንም አይደለም። አብራሪው የኩባንያው ተቀጣሪ ነው፤ መርከቡ ደግሞ የኩባንያው ደንበኛ። በደንበኛና በተቀጣሪ መካከል ጠብ ሲነሣ ኩባንያ ለማን እንደሚያደላ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት የሥራ ሰዓትን፣ ደመወዝን፣ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን ይደነግጋል፤ ጥሩ ሕግ ነው። የዓሣ ማጥመጃ መርከቦችን ግን ከነጭራሹ አይጨምርም። ለእነርሱ የወጣው ሌላው ስምምነት በ2007 ጸድቆ በሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው፤ የተቀበሉት አገሮች ቁጥርም ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ ነው። ዓሣ አጥማጅ በእኛም አገር በዓለምም ሕግ ዘንድ ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሚታወስ ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው ልመለስ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ፣ የባሕር በር የማይነሣበት ወሬ ጠፋ። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መግለጫ ወጣ። የባሕር በር ይገባናል፣ አይገባንም፣ በምን መንገድ ይሁን የሚለው ሙግት የራሱ ቦታ አለው፤ እዚህ አልገባበትም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ወደብ ተጠራ፣ ባንዲራ ተጠራ፣ ታሪክ ተጠራ፣ ባሕር ኃይል ተጠራ። መርከበኛው ግን የት አለ? ባሕር ላይ ስለሚሠራው ሰው፣ ስለ ደመወዙና ስለ ውሉ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ሬሳው ስንት ደቂቃ ተነገረ?

ዳርቻ ሥራ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የኪሪባስ ሰው የዓለም ሀብታም በሆነ ነበር። ኪሪባስ በመካከለኛው ፓስፊክ የተበተኑ ደሴቶች አገር ናት፤ የብሷ ስፋት ሁሉ ተደምሮ 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከተማ እጥፍ እንኳ አይሞላም። ባሕሯ ግን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን መሬት ሦስት እጥፍ ያህላል። በሕግ የራሷ ነው። በውኃው የሚሠሩት ትልልቅ መርከቦች ግን በአብዛኛው የጃፓን፣ የደቡብ ኮርያ፣ የታይዋን፣ የቻይናና የአሜሪካ ባለሀብቶች ናቸው። ኪሪባስና ስድስት ጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. በ1982 የናውሩን ስምምነት መሠረቱ፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ቀን እየቆጠሩ ይሸጣሉ። የአንዱ መርከብ የአንድ ቀን መነሻ ዋጋ 8,000 ዶላር ደርሷል። ብልህ ሰዎች ናቸው፤ አደንቃቸዋለሁ። ነገር ግን ቀኑን የሸጠው የባሕሩ ባለቤት ሲሆን ዓሣውን የሸጠው ሌላ ነው። ከዚያው አገር የሄደ፣ መርከብ ላይ የዓሣውን ልክ የሚቆጣጠር አንድ ታዛቢ እ.ኤ.አ. በ2020 በታይዋን የቱና መርከብ ላይ ሞቶ ተገኘ። ባሕሩ የአገሩ መሆኑ አላዳነውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ስዊዘርላንድ አለች። እንደ እኛ በተራራ የታጠረች፣ ባሕር የማይነካት አገር ናት። በዓለም ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቭ ነው። ባሕር የሌላቸው አገሮች በባሕር ላይ ባንዲራቸውን የማውለብለብ መብት በባርሴሎና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ይህንኑ መብት አጽንቶ፣ በዚያ ላይ ወደብ አልባ አገሮች ከአካባቢያቸው ባሕር ከሚተርፈው የዓሣ ሀብት እንዲካፈሉ የሚል አንቀጽ ጨመረ። ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት ፈርማ ለዐሥርት ዓመታት ሳታጸድቀው ቆየች። በወረቀት የተሰጠንን ሳናነሣ በሌላው ላይ መጮኽ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ከሚባለውም ይብሳል፤ ይኼኛው ውኃ በእጁ ይዞ ነው።

«ግን እኮ የባሕር ልምድ የለንም» የሚሉ አሉ። ይህስ እውነት ነው? የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ ምፅዋን ዋና ሰፈሩ ሲያደርግ መርከበኞቹ ከደጋም ከቆላም የተመለመሉ የገበሬና የወታደር ልጆች ነበሩ። በ1991 መርከቦቹ ወደ የመን እስኪሸሹና በ1996 ባሕር ኃይሉ እስኪፈርስ ድረስ ባሕር ላይ የኖሩ፣ የሠሩ፣ የሞቱ ኢትዮጵያውያን አሉ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ደግሞ ወደቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ እንኳ መቅዘፉን አላቆመም። አሁንም ከኮሶዬ በአንድ ቀን መንገድ፣ ጣና ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ የመርከብ ሞተርና የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያ እያደረገ በውጭ ኩባንያ መርከቦች ላይ ሲያሰማራ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰንበቴው ላይ «ባሕራችን ይመለስና» ሲባል የደጋ ልጆች ባሕሩ ላይ ነበሩ።

እኔ የሚመስለኝ፣ የጎደለን ልምዱ ሳይሆን አክብሮቱ ነው። የጣናን ውኃ ከማንም በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ታንኳውን ከደንገል የሚሠራው፣ ዓሣውን የሚያጠምደው የነገደ ወይጦ ሰው ነው። እኛ የጎንደርና የጎጃም ሰዎች ለዚህ ዕውቀቱ ምን ከፈልነው? ስሙን ስድብ አደረግነው፤ ከማዕዳችን ለየነው። ውኃ ላይ የሚሠራን ሰው ለዘመናት ስንጠየፍ ኖረን ዛሬ ባሕር ስናጣ አገር የጎደለብን መምሰሉ ይደንቃል። «ልጄ፣ መጀመሪያ ዋና ልመድ» የሚለው ቀልድ ከሥሩ ይህ ንቀት አለበት፤ ቀላጁ ባያውቀውም።

በዚያው በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዳውያን ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ዓሣው በዛ፤ ገበያው ሰፋ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥራ አምስት ዓመታት ግን ከጣና በቀር በየትም የማይገኙት የባርቡስ ዝርያዎች ክፉኛ መመናመናቸውን አጥኚዎች መዘገቡ። ይህን ያነሣሁት የሄሊኮፕተሯም ነገር ከዚህ ስለማይለይ ነው። በምሥራቁ ፓስፊክ ትልልቅ ቱናዎች ከዶልፊን መንጋ ሥር ስለሚሄዱ፣ ሄሊኮፕተርና ፈጣን ጀልባዎች ዶልፊኖቹን እያባረሩ ወደ መረቡ ሲነዱ ኖረዋል፤ እልፍ አእላፍ ዶልፊን አብሮ አለቀ፤ አሜሪካም በ1972 ሕግ እስከማውጣት ደረሰች። ለእኛ የሚቀርበው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የዚያ ባሕር የቱና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓሣ ፍለጋ አውሮፕላንም ሆነ ድሮን መጠቀምን ከለከለ፤ ዓሣው ከዓይን ማምለጥ ካልቻለ መትረፍም አይችልምና። ስለዚህ ወጣቱ የተመኘው ሥራ በቅርባችን ባሕር ክልክል ነው፤ የሚገኘው ሩቅ ነው።

እዚያም ዘመኑ እየተለወጠበት ነው። ዛሬ ተንሳፋፊዎቹ መሣሪያዎች በድምፅ ሞገድ ከሥራቸው ስንት ዓሣ እንዳለ ለክተው በሳተላይት ለመርከቡ ይነግራሉ፤ በድሮን የሚፈልጉም አሉ። (ድሮን የሚለው ቃል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ለአማራ ክልል ሰው ምን እንደሚያስታውስ ለአንባቢ አላብራራም።) «እንግዲህ ሥራው ከጠፋ ክርክርህም ጠፋ» የሚለኝ ይኖራል። አልጠፋም። አብራሪው ቢቀር መሣሪያውን የሚጠግነው፣ ሞተሩን የሚያስነሣው፣ ኤሌክትሪኩን የሚቀጥለው ሰው አይቀርም፤ ባሕር ዳር የሚሠለጥነውም ይኸው ሰው ነው። እርሱም ቢሆን ባንዲራው አንድ አገር፣ ባለቤቱ ሌላ አገር የሆነ መርከብ ላይ ይሳፈራል፤ የንግድ መርከብ ከሆነ ጥሩው ሕግ ይደርስለታል፤ የዓሣ መርከብ ከሆነ አይደርስለትም።

ሕግ ሳናዘጋጅ ሰው መላክ ለእኛ አዲስ አይደለም። እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር መሄድ ሲበዛ አዋጅ ቁጥር 104/1990 ወጣ፤ አልበቃ ብሎ 632/2001 መጣ፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉዞው በጠቅላላ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ከ160,000 በላይ ሰዎች ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ተመለሱ፤ ከዚያ 923/2008 ተተካ። እያንዳንዱ አዋጅ የተጻፈው ስንት ሬሳ ቦሌ ከወረደ በኋላ እንደሆነ የቦሌ ጭነት ክፍል በር ላይ ቆሞ ያለቀሰ ቤተሰብ ያውቀዋል። በመርከበኞቻችን ደግሞ ያው እንዲደገም እንጠብቅ? ቁጥራቸው ገና ጥቂት ሳለ፣ ሠልጣኞቹ የተማሩና የሚጽፉ የሚያነቡ ሳሉ፣ ጊዜው አሁን ነበር። መድረኩን ሁሉ የያዘው ግን ወደብ ነው።

ስለዚህ የማሪታይም ባለሥልጣኑም፣ ማሠልጠኛውም፣ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ጥቂት ነገር ቢያደርጉ ይበቃል። ሠልጣኙ ከመፈረሙ በፊት ውሉ በሚገባው ቋንቋ ተተርጉሞ፣ ለማንበብ ሳምንት ተሰጥቶት እጁ ይግባ። መርከቡ የንግድ ነው ወይስ የዓሣ፣ የማን ባንዲራ ነው፣ ቀጣሪው የመርከቡ ባለቤት ነው ወይስ አከራይ፣ የሚለው በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። «አልሠራም፣ አደጋ አለው» ያለ ሰው በማግሥቱ ለማን እንደሚደውልና በማን ስልክ እንደሚደውል ይታወቅ። ደመወዙን ለቤተሰቡ የሚልክበት ባንክ፣ ቢታመም የሚወርድበት ወደብ፣ ቢሞት ሬሳውን ወደ አገሩ የሚመልሰው ማን እንደሆነ በስም ይጠቀስ። የኮሶዬ ገበሬ ከልጁ ውል አንድ ቅጂ ሣጥኑ ውስጥ ያኑር፤ ማንበብ ባይችል የሰፈሩ መምህር ያነብለታል።